ወንዝ በጎደለ ጊዜ

«የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ስለ ዛፍ ብቻ የተነገረ አለመሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። እኛ በችሎት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዘመን የቆየን ስለሆንን፣ ሰው በደከመ ጊዜ አበዳሪውም፣ ባላጋራውም፣ ጎረቤቱም በአንድ ቀን እንዴት እንደሚነሡበት ስንመለከት ኖረናል። ዛሬ ግን ለቤተ ሰብ ገጻችን የመረጥነው ነገር የሰው ክርክር አይደለም፤ ስለ አንድ ዓሣ፣ ስለ ጎደለ ወንዝና ስለ አንድ ልጅ እንባ ነው። ነገሩ የተፈጸመው ከአገራችን እጅግ ርቆ ቢሆንም፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አንብቦ ሲጨርስ የራሱን ቤት የሚያስብበት ይመስለናል።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር በአሜሪካ ምዕራብ በኦሬገን ግዛት የሚኖረውን የታላቅ እኅታችንን ልጅ ለመጠየቅ ሄደን ነበር። እርሱ ወደዚያ አገር ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በፖርትላንድ ከተማ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ዐሥር ዓመት የሞላውን ወንድ ልጁን ያሳድጋል። ከሥራው በሚያርፍበት ቀን የሚወደው ጨዋታ ዓሣ ማጥመድ ነው። ይህን በመጀመሪያ በሰማን ጊዜ ለምሳ የሚሆን ነገር የሚያመጣ መስሎን ደስ አለን፤ ነገር ግን ከሚይዘው የሚበዛውን መልሶ ወደ ወንዙ እንደሚለቅ ሲነግረን መሣቃችን አልቀረም። «ዓሣን መብላት በብልሃት ይባላል እንጂ፣ ይዞ መልቀቅ ከየት የመጣ ብልሃት ነው?» ብንለው፣ «ጋሼ፣ ይህን ዓሣ መያዙም በብልሃት ነው፤ መልቀቁም በብልሃት ነው። አብረን እንሂድና በዓይንዎ ይዩት» አለን። እኛም እሺ ብለን ከአባትና ከልጅ ጋራ ወደ ተራራው ጕዞ ጀመርን። የወንዙን ስም ግን እንዳንጽፍ ቃል ስላስገባን አንጽፈውም፤ አጥማጆች የወደዱትን ወንዝ ስም እንደ ማር ቆራጭ የቀፎውን ዛፍ ይሠውራሉና።

የሚያጠምዱት ዓሣ በዚያ አገር ቋንቋ ስቲልሄድ ይባላል፤ የአረብ ብረት ራስ እንደ ማለት ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ዓሣ ሬይንቦው ትራውት ከሚባለው የወንዝ ዓሣ ጋራ አንድ ዘር ነው፤ የሚለያዩት በኑሮ ነው። ሬይንቦው ትራውት ዕድሜውን ሁሉ በወንዝ ሲኖር፣ ስቲልሄድ በወንዝ ተወልዶ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ካደገ በኋላ ውሃውን ተከትሎ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይወርዳል። በዚያም ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት እየበላና እየወፈረ ይቆይና ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል፤ ሲቃረብም የትውልድ ወንዙን የሚለየው በውሃው ሽታ ነው። በዚያው ባሕር የሚኖሩት የሳልመን ወገኖች አንድ ጊዜ እንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ ሲሞቱ፣ ከስቲልሄድ ግን አንዳንዱ በሕይወት ተርፎ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እንደ ገናም ሊመለስ ይችላል።

ከእነዚህ ዓሦች ከፊሉ በብርድ ወራት፣ ከፊሉ በሙቀት ወራት ወደ ወንዝ ይገባል። በሙቀት ወራት የሚመጣው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባና፣ እንቁላሉ ገና ስላልደረሰ እስከሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ድረስ በጥልቅ ስፍራ ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ወራት የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚኖረው ከባሕር ይዞት በመጣው ስብ ነው። እንግዲህ ስንቁ የተቈጠረ መንገደኛ ነው ማለት ይቻላል፤ በከንቱ ካባከነው የሚተካበት የለውም።

በእኛ አገር የነሐሴ ወንዝ ሞልቶ መንገደኛን የሚያግድ ነው። በዚያ አገር ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው በብርድ ወራት ሲሆን፣ በተራራው ላይ የተከመረው በረዶ በጸደይ ቀልጦ ካለቀ በኋላ ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ዝናብ እምብዛም አይጥልም። ስለዚህ ወንዙ ከቀን ወደ ቀን ይጎድላል፤ ድንጋዩ ይገለጣል፤ ውሃውም እንደ መስተዋት ይጠራል። በሰፊ ቤት ይኖር የነበረ ቤተ ሰብ በአንዲት ጓዳ ውስጥ እንደሚታጎር፣ በወንዙ ሁሉ ተበታትኖ የነበረው ዓሣ በጥቂት ጥልቅ ኩሬዎች ውስጥ ይሰበሰባል። በዳር የቆመም ሰው አንድ በአንድ ሊቈጥረው ይችላል።

የማጥመጃው ነገር ዝንብ ይባላል፤ እውነተኛ ዝንብ ግን አይደለም። ከዶሮ ላባ፣ ከእንስሳ ጠጕርና ከሐር ክር በትንሽ መንጠቆ ላይ እየተጠመጠመ የሚሠራ ነው። ይህ ዝንብ ክብደት ስለሌለው እንደ ድንጋይ ሊወረወር አይችልም። ስለዚህ ክብደቱ በወፍራሙ ገመድ ላይ ይሆንና፣ አጥማጁ በረጅም ዘንግ ገመዱን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ይልከዋል። በቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ይህኛው ጅራፍ ድምፅ ሊያሰማ የማይገባው መሆኑ ነው፤ ቢጮኽ ዝንቡ ተቈርጦ ይቀራል። ገመዱ ወደ ማዶ አግድም ከተጣለ በኋላ ውሃው ዝንቡን ቀስ ብሎ እየጎተተ ወደ አጥማጁ ዳር ይመልሰዋል። ከዚያም አጥማጁ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ይወርድና እንደ ገና ይጥላል። የማይበላ ዓሣ ዝንቡን ለምን እንደሚይዝ አጥማጆች ይከራከሩበታል፤ ከፊሉ የልጅነት ልማዱ ነው ይላል፣ ከፊሉም ቁጣ ነው ይላል።

ወንዝ በጎደለ ጊዜ ግን ይህ ጥበብ ሁሉ መለወጥ እንዳለበት የእኅታችን ልጅ በመንገድ ላይ ሳለን አስረዳን። ቃሉንም በአጭሩ እንደሚከተለው በማስታወሻችን ላይ ጽፈነዋል።

መጀመሪያ ሰዓት ነው። ፀሐይ በውሃው ላይ ሳትወጣ በማለዳ፣ ወይም ከተራራው ጀርባ ከገባች በኋላ በምሽት ማጥመድ ይገባል። ሁለተኛው አቀራረብ ነው። ውሃው ጥልቅ በሆነ ጊዜ አጥማጁ እስከ ወገቡ ድረስ ይገባበታል፤ ውሃው በጎደለ ጊዜ ግን በዳር ዝቅ ብሎ፣ ድንጋይ ሳያንኳኳ፣ ጥላውን በውሃው ላይ ሳይጥል መቅረብ አለበት፤ በመጀመሪያም አጠገቡ ያለውን ውሃ በአጭር ገመድ ይሞክር፤ ብዙ ሰው ሩቁን ሲመኝ በእግሩ ሥር ያለውን ዓሣ ያባርራልና። ሦስተኛው መሣሪያ ነው። ዝንቡ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ላባውም የሳሳ ይሁን፤ በገመዱ ጫፍ የሚቀጠለው ብርሃን የሚያሳልፍ ክርም ቀጭንና ከአራት ሜትር የማያንስ ይሁን። አራተኛው ስፍራ ነው። ጸጥ ካለው ውሃ ይልቅ በድንጋይ ላይ እየተሰበረ ነጭ አረፋ የሚያወጣውን መፈለግ ይሻላል፤ በዚያ ውሃው አየር ይቀላቀልበታል፣ አረፋውም ዓሣውን ይሸፍንለታል። አምስተኛው ቍጥር ነው። በሙሉ ወንዝ መቶ ጊዜ የሚጥል ሰው በጎደለ ወንዝ ዐሥር ጊዜ ጥሎ ኩሬውን ያሳርፍ።

«ስድስተኛውስ?» ብንለው፣ ከኪሱ ትንሽ የሙቀት መለኪያ አውጥቶ አሳየን። «ስድስተኛው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው» አለ። የዚያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልገባንም ነበር።

ወደ ወንዙ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ቀኑ እጅግ የሚያቃጥል ነበር። ልጁ ድንኳን እስኪተከል እንኳ አልታገሠም። ሁለት ዓመት ሙሉ በከተማው መናፈሻ ሣር ላይ መንጠቆ የሌለው ገመድ መወርወር ሲለማመድ ኖሯል፤ አባቱም «ዘንድሮ የመጀመሪያህን ስቲልሄድ ትሞክራለህ» የሚል ተስፋ ሰጥቶታል። በኩሬው ላይ ወዳንዣበበው ትልቅ ድንጋይ ወጥቶ በሆዱ ተኛና ወደ ታች ተመለከተ። ወዲያውም በእጁ ጠራን። አጠገቡ ሆነን ስንመለከት፣ በታች በጥላው ውስጥ ክንድ ክንድ የሚያህሉ ግራጫ ዓሦች አፋቸውን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙረው በተራ ቆመዋል። ልጁ በሹክሹክታ ቈጠራቸው፤ ዐሥራ አንድ ናቸው።

አባትዮው ግን ወደ ውሃው ዳር ወርዶ የሙቀት መለኪያውን አጠለቀ፤ ጥቂት ቆይቶ አወጣና አነበበው፤ 21 ዲግሪ ይላል። ከዚያም ምንም ሳይናገር ዘንጉን ነቃቅሎ ወደ ማኅደሩ መለሰው። «ዛሬ አናጠምድም፤ ነገ ማለዳ እናየዋለን» አለ።

ልጁ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። እውነት መሆኑን ባወቀ ጊዜ ግን ፊቱ ተለዋወጠና፣ «ያውና ይታያሉ! አንድ ጊዜ ብቻ ልጣል! ይዤ እለቀዋለሁ!» እያለ ያለቅስ ጀመር። እኛም የልጁ እንባ አሳዘነን። በዚያ ወንዝ በዚያ ቀን ማጥመድ የተከለከለ አለመሆኑን አስቀድመን ጠይቀን ነበርና፣ «ሕጉ ካልከለከለ አንድ ጊዜ ቢጥል ምን ይጎዳል? ለልጅ ተስፋ ሰጥቶ መከልከል ደግ አይደለም» ብለን በልጁ ፊት ተናገርን። ልጁም ይህን ሲሰማ እጃችንን ይዞ ከጀርባችን ቆመ፤ በአባትና በልጅ መካከልም ሳናስበው ባላጋራ ሆነን ተገኘን።

የእኅታችን ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። በኋላም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለን። «ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ሕጉ አይከለክልም። ነገር ግን ይህ ዓሣ ከዚህ የሚሸሽበት የለውም። ከኩሬው በላይ ውሃው ከቍርጭምጭሚት አያልፍም፤ ከበታቹም እንዲሁ ነው። አሁን ብንይዘው እንለቀዋለን፤ ዋኝቶም ይሄዳል፤ እኛም በደኅና ሄደ ብለን ደስ ይለናል። ማታ ሲሞት ግን አናየውም።»

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ይገባናል። ዓሣም እንደኛ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል፤ እርሱ ግን የሚያገኘው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነው። ውሃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 11 ሚሊግራም ያህል ሊይዝ ሲችል፣ በ20 ዲግሪ ግን 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይይዛል። የዓሣ ሰውነት ደግሞ ከውሃው ጋራ አብሮ የሚሞቅ ስለሆነ፣ ውሃው በሞቀ ጊዜ የሚፈልገው ኦክሲጅን ይጨምራል። እንግዲህ ወጪው ሲበዛ ገቢው ያንሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ መንጠቆ ይዞት በሙሉ ኃይሉ ሲታገል፣ እንደ ሮጠ ሰው በሥጋው ውስጥ አሲድ ይከማችበታል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይድናል፤ ሙቅ ሲሆን ግን ሳያገግም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ብዙ አጥማጆች ውሃው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ዘንጋቸውን ያጥፋሉ። የኦሬገን መንግሥትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ሙቀትና ድርቅ በጸና ጊዜ፣ በብዙ ወንዞች ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ትራውትም ሆነ ስቲልሄድ እንዳይጠመድ ከልክሎ ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

የያዙትን የመልቀቅ ሥርዓትም ምክንያት አለው። በአብዛኞቹ የኦሬገን ወንዞች በወንዙ ውስጥ የተፈለፈለውን ስቲልሄድ መልቀቅ ግዴታ ነው፤ በሰው እጅ በመፈልፈያ ያደገው ግን በጀርባው በስተጅራት በኩል ያለችው ትንሽ ክንፍ አስቀድማ ስለምትቈረጥ ይታወቃል፤ እርሱን መውሰድ በተፈቀደበት ስፍራ ይወሰዳል።

በዚያ ወራት በጫካ እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ፣ ማታ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ሻይ ተፈልቶ በድንኳኑ ፊት ተቀመጥን። ልጁ ፊቱን ወደ ጨለማው አዙሮ፣ ከአባቱ ጋራ አይነጋገርም። አባቱም አልተቈጣውም፤ ወደ እኛ እየተመለከተ፣ ልጁ ግን እንዲሰማው ሆኖ፣ በዚያው ግዛት ስላለው ኖርዝ አምፕኳ ስለሚባል ወንዝ ይተርክልን ጀመር።

ይህ ወንዝ ከካስኬድ ተራሮች ወርዶ ሮዝበርግ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከወንድሙ ከሳውዝ አምፕኳ ጋራ የሚገናኝ ሲሆን፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በሚያህለው ክፍሉ በዝንብ ብቻ እንዲጠመድ ከተወሰነ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከገባሮቹ አንዱ ስቲምቦት የሚባለው ጅረት ነው። በሙቀት ወራት የሚገቡት ስቲልሄዶች ብዙዎቹ ወደዚህ ጅረት ይወጣሉ፤ ስለዚህም በ1932 ዓ.ም. በጅረቱ ውስጥ ማጥመድ ፈጽሞ ተከለከለ። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ጠባቂ ያስፈልገዋል። በጅረቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት አንድ ጥልቅ ኩሬ አለ፤ ውሃ በጎደለ ጊዜ በመቶ የሚቈጠሩ ዓሦች በዚያ ይታጎራሉ። ሌቦችም ይህን እያወቁ ፈንጂ ይጥሉበት ስለ ነበር፣ የአገሩ ሰዎች ስፍራውን የዳይናማይት ጕድጓድ ይሉት ነበር።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሊ ስፔንሰር የሚባሉ ሰው ከውሻቸው ጋራ በዚያ ኩሬ አጠገብ ተቀመጡ። በየዓመቱ ዓሦቹ ከሚመጡበት ጊዜ አንሥቶ የመኸሩ ዝናብ ወንዙን እስኪሞላው ድረስ ቀኑን ሙሉ ይጠብቁ ነበር። መሣሪያቸው ዓይንና ማስታወሻ ደብተር ነበር፤ ሰው በመኖሩ ብቻ ሌባ አይደፍርም ነበርና። የዐሥራ አራት ዓመት ትዝብታቸውንም በ2017 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትመዋል። እኚህ ሰው ራሳቸው አጥማጅ ነበሩ፤ ዓሦቹን ብዙ ከተመለከቱ በኋላ ግን የመንጠቆውን ጫፍ ቈርጠው ጣሉ። በወንዙ ላይ ዝንባቸውን ይጥላሉ፤ ዓሣው ተነሥቶ ሲመታው ያያሉ፤ ይበቃቸዋል።

ሌላው ፍራንክ ሙር የሚባሉት ናቸው። በ1944 ዓ.ም. በኖርማንዲ ከወረዱት ወታደሮች አንዱ ሲሆኑ፣ ከጦርነቱ በኋላ በዚሁ ወንዝ ዳር የአጥማጆች ማረፊያ ቤት ከሚስታቸው ጋራ ያስተዳድሩ ነበር። በዚያ ዘመን እንጨት ቈራጮች በጅረቶቹ ዳር ያለውን ዛፍ እስከ ውሃው ድረስ ይጨርሱት ነበር። ጥላው በሄደ ጊዜ ትንንሾቹ ጅረቶች ሞቁ፤ እነርሱ ሲሞቁ ትልቁ ወንዝም ይሞቃል። ሙር በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓስ ክሪክ በሚባል አጭር ፊልም ጕዳቱ ለሕዝብና ለባለ ሥልጣኖች እንዲታይ አደረጉ። በ2019 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ በስቲምቦት ዙሪያ አርባ ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በእርሳቸውና በሚስታቸው ስም ለዓሣው መጠበቂያ ሆነ። በመስከረም 2020 ዓ.ም. ታላቅ የደን ቃጠሎ የወንዙን ሸለቆ ሲያጠፋ የባልና ሚስቱ ቤት አብሮ ተቃጠለ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ብርቱ ሙቀትና ድርቅ መጣ፤ ከባሕር የተመለሰው ዓሣ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ መንግሥት ከነሐሴ እስከ ኅዳር መጨረሻ ኖርዝ አምፕኳን ለአጥማጆች ሁሉ ዘጋው። ሙርም በ98 ዓመታቸው በጥር 2022 ዓ.ም. ዐረፉ።

የእኅታችን ልጅ ትረካውን በዚህ ፈጸመ። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ልጁ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ያ ሰውዬ መንጠቆውን ሲቈርጠው አላዘነም?» ሲል ጠየቀ። አባቱም፣ «አላውቅም። እኔ ግን ዛሬ ዘንጉን ሳጥፍ አዝኛለሁ፤ ሁለት ዓመት ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር» አለው። ልጁም ይህን በሰማ ጊዜ ዞሮ አባቱን ተመለከተው። አባቱም እንደ እርሱ መፈለጉን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰበውም ኖሯል።

እኛም ልጁ ከተኛ በኋላ ለአባቱ ይቅርታ ጠየቅነው። «በልጅህ ፊት ቃልህን ማፍረስ አልነበረብንም፤ የምንለው ቢኖር ለብቻህ ልንነግርህ ይገባን ነበር» አልነው። እርሱም ተነሥቶ ጕልበታችንን ሊስም ሲል ከለከልነው። በማግስቱ ግን ይህንኑ ለልጁ ደግመን ነገርነው፤ በፊቱ የተሠራ ስሕተት በፊቱ መታረም አለበት ብለን ስላመንን ነው።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ስለ ነበር መለኪያው 16 ዲግሪ አነበበ፤ በዚህ ጊዜ ያነበበው ልጁ ነው። የመንጠቆው ሾህ በጕጠት ተደቁሶ፣ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ታሠረለት። አባቱ ዓሦቹ ወደ ቆሙበት ወደ ኩሬው መካከል አላደረሰውም፤ ከኩሬው በላይ ውሃው በድንጋይ መካከል እየተሰበረ ወደሚወርድበት ስፍራ ወስዶ አንበረከከው። ልጁም ስድስት ጊዜ ጣለ። በሰባተኛው ዝንቡ ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ሲዞር ውሃው ከሥር ተነሣና አንድ ሰፊ ጀርባ ታየ፤ ገመዱ ግን ሳይወጠር ዓሣው ተመልሶ ጠለቀ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። ልጁ ሦስት ጊዜ ደግሞ ጣለ፤ ከዚህ በኋላ ምንም አልተነሣም። ፀሐይዋ የማዶውን ገደል በነካች ጊዜ ልጁ ማንም ሳይነግረው ገመዱን ጠቀለለ።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። የዚህ ዓሣ ልማድ እንዲህ ነው፤ ብዙ ቀን የሚጥል ሰው አንድ ቀን ይይዛል። ነገር ግን ከመሄዳችን በፊት ልጁ ወደ ድንጋዩ ወጥቶ በሆዱ ተኛና ቈጠረ። «አጎቴ፣ ዐሥራ አንድ ናቸው፤ አልጎደሉም፤ ይጻፉት» አለን። እኛም ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰን በማስታወሻችን ላይ ጻፍነው። በዘመናችን ብዙ የንብረት ዝርዝር ጽፈናል፤ ማንም ሳይወስደው ስለ ተገኘ ንብረት ስንጽፍ ግን ያን ቀን የመጀመሪያችን ነበር።

ከተመለስን በኋላ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አሰላስለነዋል። በችሎት እንኳ ተከሳሽ መልስ የሚሰጥበት ቀጠሮ ይሰጠዋል። ያ አባት በእጁ ለወደቀው ዓሣ እስከ ማለዳ ቀጠሮ ሰጠው፤ ልጁንም የቀጠሮው ምስክር አደረገው። ሕግ ያልከለከለውን ሁሉ ማድረግ ለሰው የተፈቀደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሕግ ዘወትር ዘግይቶ የሚመጣ ነው። አምፕኳ የተዘጋው ዓሣው ካለቀ በኋላ ነበር፤ ዘንጉን ያጠፈው ሰው ግን ማንም ሳያዝዘው አስቀድሞ አጠፈ። ልጆቻችን ይህን ከእኛ ካልተማሩ ከማን ይማሩታል? ኃይል በእጃቸው በገባ ቀን፣ ባላጋራቸውም ማምለጫ ባጣ ቀን፣ እጃቸውን እንዲሰበስቡ የምናስተምራቸው በትልቅ ነገር አይደለም፤ ጎጆዋ ላይ በተገኘች ወፍ፣ በገመድ በታሰረ በግ፣ በኩሬ በታጎረ ዓሣ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የስቲልሄድ የሥጋ ዘመዱ ሬይንቦው ትራውት ባለፈው ምዕተ ዓመት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ እንደ ተለቀቀና በዚያም እንደሚኖር እናስታውሰዋለን። የእኛ ወንዞች የሚጎድሉት በበጋ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። በዚያን ጊዜ በወንዝ ዳር ከልጁ ጋራ የሚቆም አባት፣ በዳሩ ያለው ዛፍ ለምን እንዳይቈረጥ እንደሚያስፈልግ፣ ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ምን እንደሚሆን ሊያሳየው ይችላል። ለዚህ ዘንግም ዝንብም አያስፈልግም፤ አንድ የሙቀት መለኪያና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

እናቶችንና አያቶችንም አንድ ነገር እንለምናለን። አባት ለልጁ በጎ ነገር ሲከለክል የልጁ እንባ ቢያሳዝነን፣ ቃላችንን እስከ ማታ እናቆየው። እኛ ያን ቀን ብንታገሥ ኖሮ ልጁ ከጀርባችን ሳይሆን ከአባቱ አጠገብ ይቆም ነበር።

የእኅታችን ልጅ በዚህ ሰሞን በላከልን ደብዳቤ፣ ልጁ ዓሣ እስካሁን አለመያዙን፣ ነገር ግን የሙቀት መለኪያውን ከራሱ ኪስ አላወጣም ማለቱን ጽፎልናል። ዘንድሮም ወደዚያው ኩሬ ሲሄዱ ቍጥሩን እንዲልኩልን ጠይቀናል፤ በደረሰን ጊዜ ካለፈው ዓመት ቍጥር በታች እንጽፈዋለን።